መቶ ስድሳ ስምንት ገል

በ፲፱፻፹፬ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ፲፯ ቀን፣ ዕለተ ሰኞ፣ የጂንካ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ወደ አውሮፕላን ሜዳው ይጎርፍ ነበር። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው፤ በስተሰሜን ያለው የአሪ ተራራ ከወገቡ በላይ በጉም ተሸፍኗል፤ ሜዳው ግን እንደ ወትሮው ሣሩን ለብሶ በከተማይቱ መካከል ተዘርግቷል። በግንቦት መንግሥት ከወደቀ ወዲህ አውሮፕላን አልመጣም፤ ስለዚህም ከብት ከሣሩ የሚያባርር አልነበረም፤ ላሞቹም ሰው ሲበዛባቸው ራሳቸው እየተነሡ ወደ ኔሪ ወንዝ አቅጣጫ አዘገሙ።

በሜዳው ዳር በእሾህ አጥር የተከለለ ስፍራ ነበር፤ ሦስት መግቢያ ነበረው፤ በየመግቢያው አንዳንድ ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ላይ ሚስማር፣ ከሥሩም በቅርጫት የተሞላ የሸክላ ገል ተቀምጧል። በመካከለኛው ጠረጴዛ የተሰየመው የታሪክ መምህሩ ወንድይፍራው ነበር። ይህን ሥርዓት ያመጣው እርሱ ነው፤ ከየት እንዳመጣው ለመናገር ግን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የወንድይፍራው አያት ከሰሜን ከጦር ጋር ወርደው በዚያው የቀሩ ወታደር ነበሩ፤ እርሱ ግን ተወልዶ ያደገው ጂንካ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት ለዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ሲያስተምር አሳልፏል። ከምዕራፉ ሁሉ አብልጦ የሚወደው የጥንቶቹን ግሪኮች ነበር። መጽሐፉ በጥቂት ገጽ የሚያልፋቸውን ሰዎች እርሱ ሦስት ሳምንት ያቆያቸዋል፤ ስለ አቴና ሸንጎ፣ ዕጣ እየወጣላቸው ስለሚዳኙት ዳኞች፣ ስለ አማልክቱም ጠብና ቅናት ሲተርክ ላብ ያጠምቀዋል። አቴና የምትባለው አምላክና የባሕሩ ጌታ ፖሲዶን ስለ ከተማይቱ ተፎካክረው፣ እርስዋ የወይራ ዛፍ ስታበቅል እርሱ የጨው ውሃ ምንጭ ማፍለቁን በነገራቸው ቁጥር፣ ከሐመር የመጡት ተማሪዎች ያለ አንዳች ማመንታት ለፖሲዶን ይፈርዱ ነበር፤ ጨዋማ ውሃ የሚጠላ ከብት የት አለና! ሕዝቡ የወይራውን መረጠ ሲላቸውም፣ እንግዲያ ግሪኮች ከብት አያውቁም ብለው ጉዳዩን ይዘጉታል።

ይህን ሁሉ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሌላ ሰው ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኤርጎ። ኤርጎ አርባ ዓመት የሚሆነው የአሪ ሰው ነው፤ ከዛፍ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት እየመታ ደወል የሚደውልም እርሱ ነበር፤ የግሪክ ሳምንት በደረሰ ጊዜ ግን ታሪኩ ካላለቀ ደወሉ አይደወልም፤ ርእሰ መምህሩም ይህን ስለሚያውቁ በእነዚያ ሳምንታት ሰዓታቸውን አይመለከቱም። በከተማይቱ ውስጥ ከኤርጎ ጋር የተጣላ ሰው ቢፈለግ አይገኝም ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከአዲሱ መንግሥት የተላከ አንድ የታጠቀ ሰው የቀበሌውን ነዋሪ በዚሁ ሜዳ ሰብስቦ፣ በደርግ ዘመን የበደሏችሁን ራሳችሁ ለዩ አለ። የሦስት ሰዎች ስም ወዲያው ተነሣ። አንደኛው የቀበሌው ሊቀመንበር የነበረው ተገኝ ነው፤ ልጆችን ለውትድርና ያሳፈሰ፤ ሁለተኛው የግራዝማች ጸጋዬ ልጅ፣ የሚሊሺያው አዛዥ የነበረው፤ ሦስተኛው የጤና ረዳቱ የሉቃስ የአክስት ልጅ፣ ሕዝብ ሲቸገር የኅብረት ሱቁን ስኳር ለወዳጆቹ ያወጣ። ስማቸው ሲጠራ ጩኸት ሆነ፤ ከጩኸቱም መካከል ድንጋይ ተወርውሮ ተገኝን ግንባሩ ላይ ፈነከተው። ደም ሲታይ ሰዉ ወደ ፊት ገፋ፤ ሌላ ድንጋይም ለማንሣት ያጎነበሱ ነበሩ።

ተገኝ የወንድይፍራው ሚስት የየሺሀረግ ታናሽ ወንድም ነው። መምህሩ ከመቀመጫው የተነሣው በዚህ ምክንያት ይሁን ለሥርዓት አስቦ፣ በኋላ ራሱን ቢጠይቅም መለየት አልቻለም። ብቻ ተነሥቶ በክፍል ውስጥ በሚናገርበት ድምፅ ተናገረ።

«ወገኖቼ፤ አቴና በሚባል ሀገር ሕዝቡ ያስፈራውን ሰው በድንጋይ አይወግርም ነበር፤ ሁሉም በአንድ ቀን ወጥቶ የአንድ ሰው ስም በገል ላይ ይጽፋል፤ ብዙ ገል የወጣበት ሰው ለአሥር ዓመት ከከተማው ይርቃል፤ አይደበደብም፤ ቤቱ አይወረስም፤ አሥር ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛስ እንደዚያ ብናደርግ?»

ድንጋይ የያዙት እንደያዙ ቆሙ። የታጠቀው ሰው «ይህማ ዴሞክራሲ ነው!» አለ፤ ነገሩም በዚያው ጸደቀ። አንድ ሰው የሚወጣው ቢያንስ መቶ ሃምሳ ገል ሲቆጠርበት እንዲሆን፣ ያ ካልሞላ ግን ማንም እንዳይነካ ደንቡን ያወጣው መምህሩ ነው። ወረቀቱ በግንቦት ቢሮዎቹ በተዘረፉ ጊዜ ስላለቀ ገሉ እውነተኛ ገል ሆነ፤ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር፣ እሳት የሰነጠቀው ማሰሮና እንስራ ከሚጣልበት ክምር በቅርጫት ተጫነ።

ከነዋሪው የሚበዛው መጻፍ አይችልም ነበር፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቱ በየሣጥኑ አለ፤ ፊደሉን ግን ከረሱት ቆይቷል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያምናቸው ሦስት ጸሐፊዎች ተመረጡ፤ ከትምህርት ቤት መምህር ወንድይፍራው፣ ከአገር ሽማግሌ ግራዝማች ጸጋዬ፣ ከጴንጤዎቹም ወገን ሉቃስ። ሦስቱም ስማቸው ለተነሣው ሰዎች ዘመድ መሆናቸውን ያላወቀ አልነበረም፤ ነገር ግን የተከበረ ሰው እንዲህ ባለ ነገር ይዋሻል ብሎ ማሰብ ነውር ነበር፤ ስለዚህ ማንም አላሰበም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሺሀረግ የወንድሟን ግንባር አጥባ፣ ጨርቁን ለውጣ፣ እጇን እየጠረገች ወደ ባሏ መጣች።

«ነገ በገዛ እጅህ ጽፈህ ልታባርረው ነው?» አለችው።

«እኔ የምጽፈው ሰው የነገረኝን ነው፣ የሺ።»

«ሰው የነገረህን አለመጻፍህን ማን ያውቃል? ማንበብ የሚችል ወደ አንተ ይመጣል እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ ደግማ አላነሣችውም።

ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሰባት ሰዎች ድምፅ ወንድይፍራው እንደተነገረው ጻፈ። አንዲት መበለት ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ «ተገኝ። ልጄን ያሳፈሰብኝ» አለችው፤ ጻፈ። ከእርስዋ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ «ተገኝ» አሉ፤ ጻፈ። ቀጥሎ የመጣው «ተገኝ በል» አለው፤ ወንድይፍራው ራሱን ነቀነቀና ሚስማሩን ገሉ ላይ አሳርፎ «ኤርጎ» ብሎ ጫረ። ሰውየው ገሉን ተቀብሎ፣ ገልበጥ አድርጎ አየው፤ አመስግኖም ወደ አጥሩ ውስጥ ገባ።

ለምን ኤርጎን? ነገሩን አስቦበት ነበር። የሌሎቹን የሁለቱን ስም ቢጽፍ የሰው ወንድም ማባረር ይሆናል፤ ድምፁን ምንም ወደማይጎዳበት መጣል ነበረበት፤ ከከተማው ሰው ሁሉ ደግሞ ማንም የማይጠራው፣ በማንም አፍ በክፉ የማይነሣ ስም የኤርጎ ነበር። ሌላ ሰው ስለማይጽፈው ቁጥሩ እርሱ ከጻፈው አያልፍም፤ መቶ ሃምሳ የሚለው ደንብ ደግሞ ራሱ ያወጣው ነው። እየቆጠረ ጻፈ፤ ስድሳ ሲሞላም አቆመ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ እንደተነገረው ጫረ። ሒሳቡ ስሕተት አልነበረበትም። ልቡም ያሰበውን ያህል አልደነገጠም፤ የሚሰማው ሚስማሩ ሸክላውን ሲፍቅ ብቻ ነበር፤ በግራና በቀኙ ካሉት ጠረጴዛዎችም ተመሳሳይ ድምፅ ይመጣ ነበር።

ከቀትር በኋላ ገሉ በተዘረጋ ማዳበሪያ ላይ ፈሰሰና ቆጠራው ተጀመረ። የታጠቀው ሰው አንድ በአንድ እያነሣ ጮክ ብሎ ያነባል። «ተገኝ። ተገኝ። ኤርጎ።» የተወሰኑ ሰዎች ሳቁ። «ኤርጎ። ኤርጎ። ተገኝ። ኤርጎ።» ሳቁ ቀረ። ወንድይፍራው ሃምሳውን፣ ስድሳውን ሲያልፍ ሰማ፤ ሰባ ሲባል ተሳስተው ይሆናል አለ፤ መቶ ሲባል ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ክምሩ ቀረበ።

«ኤርጎ» በሚሉት ገሎች ላይ ሦስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ነበር። አንደኛው የራሱ ነው። ሁለተኛው ቀጥ ያለ፣ ከቤተ ክህነት የተማረ ሰው ፊደል፣ የግራዝማች። ሦስተኛው ዘመም ያለ፣ በየመድኃኒቱ ካርድ ላይ ዕለት ዕለት የሚያየው፣ የሉቃስ። እያንዳንዳቸው ዘመዳቸውን ሊያድኑ፣ ማንንም የማይጎዳ ስም ፈልገው፣ ሦስቱም አንድ ስም አግኝተው ነበር። ወንድይፍራው ቀና ብሎ ሉቃስን አየው፤ ሉቃስ ሣሩን ይመለከታል። ግራዝማች ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ኤርጎ፣ መቶ ስድሳ ስምንት!» አለ የታጠቀው ሰው። «ተገኝ፣ ዘጠና ሰባት።» የሌሎቹ ከዚያ ያነሰ ነበር።

ሰው ሁሉ ጎረቤቱን አየ። እያንዳንዱ በጸሐፊው ጆሮ የሌላ ሰው ስም ተናግሮ ነበርና፣ ስለ ኤርጎ ያልሰማሁት ምን ነገር አለ ብሎ ማሰብ ጀመረ። «ምን አድርጎ ኖሯል?» አለ አንዱ። «እኔስ ዝምታው መቼ ደስ ብሎኝ ያውቃል» አለች አንዲት ሴት፤ ከዚያን ቀን በፊት እንዲህ ስትል ማንም አልሰማትም። ቀጥሎ ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ፣ «መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ለማን ነበር? ጆሮ ጠቢ ነው!» አለ። ይህ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላም በሜዳው ላይ ኤርጎን ቀድሞውኑ ያልጠረጠረ ሰው ጠፋ።

ወንድይፍራው መናገር ይችል ነበር። ጽሑፉን አሳይቶ ቆጠራው ይፍረስ ቢል በቂ ነበር። ነገር ግን የሺሀረግን በሰዉ መካከል አያት፤ ከኋላዋ ተገኝ ግንባሩን እንዳሰረ ቆሟል። ዘጠና ሰባት ላይ እርሱ የሰረቀው ስድሳ ቢመለስ መቶ ሃምሳ ሰባት ይሆናል። መታለሉን ያወቀ ሕዝብ ደግሞ ተገኝን በሰላም አያስወጣውም። ይህን አስቦ ተመልሶ ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ የሸክላ አቧራ ነበር፤ አራገፈው።

ኤርጎ ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ተመልሰው የመጡ ላሞችን ያባርር ነበር። ጠሩት። በትሩን እንደያዘ መጣ።

«እኔ ነኝ?» አለ። «ስንት ነው?»

«መቶ ስድሳ ስምንት» አለው የታጠቀው ሰው።

«ብዙ ነው» አለ ኤርጎ። ወደ መምህሩም ዞረ። አማርኛን ያገኘው ካደገ በኋላ ስለሆነ አንተንና እርስዎን እያቀላቀለ ነበር የሚናገረው። «መምህር፣ መውጫ አሥር ቀን አለኝ አይደል? ክፍል ውስጥ፣ እዚያ ሀገር አሥር ቀን ነው ብለሃል።»

«አዎን» አለ ወንድይፍራው፤ «አሥር ቀን ነው።»

ኤርጎ ወደ ላሞቹ ተመለሰ። «ሕዝቡ ፈርዷል፤ መምህር፣ ቃለ ጉባኤውን ይጻፉልን» ተባለ፤ ወንድይፍራውም ጻፈ፤ ሦስቱም ጸሐፊዎች ፈረሙ።

በዘጠነኛው ቀን ኤርጎ ሚስቱን ሽታዬን አስከትሎ፣ ድስቱንና ቆዳውን በጀርባው አዝሎ፣ ወደ ቆላዋ ከተማ ወደ ሃና የሚወስደውን መንገድ በእግሩ ያዘ። መምህሩ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበር። ደወል የሚደውል ስላልነበረ ትምህርቱ ከተለመደው ሰዓት በላይ ሄደ፤ በኋላ አንድ ተማሪ ወጥቶ ቸርኬውን መታው።

ተገኝም ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በአንድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ በገዛ ፈቃዱ ወደ አርባ ምንጭ ሄደ፤ ከዚያም ወዴት እንዳቀና አልታወቀም፤ ለእኅቱ እንኳ ደብዳቤ አልጻፈም። የሺሀረግ ባሏን ምን እንዳደረገ አልጠየቀችውም፤ አብረው በሉ፣ አብረው ለቅሶ ደረሱ፣ ልጆች አሳደጉ። ሉቃስ ወደ ኦሞራቴ ተዛወረ። ግራዝማች በ፲፱፻፹፯ አረፉ፤ ወንድይፍራው ከቀብሩ ላይ አፈር ጨምሮ ተመለሰ። ሦስቱ ሰዎች ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልተነጋገሩም።

ትምህርቱን ቀጠለ። መንግሥት ሲለወጥ መጽሐፉም ተለወጠ፤ ግሪኮቹ ግን አልወጡም። አማልክቱን ተወ። የገሉን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ ተማሪ እጁን ሲያወጣም «ለፈተና ይህ ይበቃል» ይላል። አንዳንድ ቀን ከክፍል ወጥቶ ያስተማረውን ለማስታወስ ይሞክርና አንዳች ነገር አያገኝም። ጸጸት እንደሚገባው ያውቅ ነበር፤ ጠብቆት ነበር፤ አልመጣለትም። በጸጸት ፈንታ ከእጁ ጣት እንደሚጀምር ድንዛዜ ያለ ነገር መጣበት፤ ከእርሱም ጋር ተለማመደ።

ጥቅምት ፲፯ ቀን ፲፱፻፺፬ አሥሩ ዓመት ሞላ። ወንድይፍራው ቀኑን በልቡ ይዞት ነበር። ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠየቀ፤ መኪና ብርቅ በሆነበት በዚያ መንገድ እህል የጫነ መኪና ሁለት ቀን ጠብቆ ተሳፈረ፤ በረሓውን አቋርጦ ሃና ደረሰ። የመጣው እውነቱን ሊናገር ነው፤ የሚናገረውን ቃል በመንገድ ላይ ሲሰድር ነበር፤ አራት ዓረፍተ ነገር አይሞላም።

ኤርጎን ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ በበርጩማ ተቀምጦ አገኘው። እዚያም ዘበኛ ነበር። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። ሲያየው ተነሣ፤ በሁለት እጁ ጨበጠው፤ በርጩማውን ለቀቀለት፤ በቅል ውሃ አመጣለት።

«ሽታዬስ?» አለ ወንድይፍራው።

«ሦስተኛው ዓመት ላይ ወባ ወሰዳት። ቆላ አልለመደችም እሷ። አንተ ውሃውን ጠጡ።»

ጠጣ። ከዚያም «ኤርጎ፣ አሥር ዓመቱ አልቋል» አለ። «መመለስ ትችላለህ። የመጣሁት ይህን ልነግርህ ነው፤ ሌላም የምነግርህ አለ።»

«እኔም ለአንተ የምነግረው አለኝ» አለ ኤርጎ። «እኔ ልቅደም። እዚህ እንደመጣሁ ተናድጄ ነበር። ምን አደረግሁ? አልኩ። ማታ ማታ አስባለሁ፤ ሽታዬ ተወው ትለኛለች፤ አልተውም። መቶ ስድሳ ስምንት ሰው እኮ አይሳሳትም! ከዚያ አገኘሁት ጥፋቴን።»

ወንድይፍራው ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሰማንያ አንድ ላይ፣ አፈሳው ጊዜ፣ ትምህርት ቤት መጡ። በሩን ክፈት አሉኝ፤ ከፈትኩ። ዘበኛ ነኝ፤ ክፈት ሲሉኝ እከፍታለሁ፤ ሌላ አላሰብኩም። ሰባት ልጅ ይዘው ወጡ። በሩን የከፈተ እኔ ነኝ። ሕዝቡ ይህን አይቷል፤ ዝም ብሎ ቆይቶ ፈረደ። ልክ ነው ፍርዱ።» ወደ መምህሩ ጠጋ አለ። «አንተ ጸሐፊ ነበርክ። ሰዎቹ ስሜን ሲጠሩ ምክንያቱን አልነገሩዎትም? የበሩን ነገር አላነሡም?»

በዚያ ቀን ልጆቹ እንዲያዙ ያዘዘው ተገኝ ነበር። ወንድይፍራው ይህን ያውቃል። የሰደራቸው ዓረፍተ ነገሮች በአፉ ውስጥ ነበሩ። ለዚህ ሰው፣ ሚስትህ የሞተችው በከንቱ ነው፤ ጥፋት የለብህም፤ ስምህን የጫርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ የመረጥንህም ማንም ስለማይጠላህ ነው ሊለው ነው። ኤርጎ መልሱን በትዕግሥት ይጠብቃል።

«አላነሡም» አለ ወንድይፍራው።

«እሺ» አለ ኤርጎ። «ልጆቹ ተመለሱ?»

«ሁለቱ ተመልሰዋል።»

«አምስቱ ቀሩ እንግዲያ።» በጣቱ ቆጠራቸው። «ምን ብዬ እመለሳለሁ? እናታቸው በመንገድ ታገኘኛለች። እዚሁ ይሻለኛል።» ከዚያም ፊቱ ጥቂት ፈካ አለ። «ሌላ የምትነግረኝስ?»

«ሰላም ብለውሃል» አለ ወንድይፍራው፤ «የትምህርት ቤት ሰዎች።»

በማግስቱ በዚያው የእህል መኪና ተመለሰ። የሺሀረግ እግሩን እንዲታጠብ ውሃ አቀረበችለት፤ ታጠበ፤ ሰኞም ወደ ክፍሉ ገባ።

ኤርጎ በ፳፻፩ ዓመተ ምሕረት ሃና ላይ አረፈ፤ ቀባሪዎቹ ጥቂት ነበሩ። መምህር ወንድይፍራውም ጡረታ ወጥቶ ዛሬ ድረስ ጂንካ ይኖራል። ያ ዘመን በብዙ ስፍራ ደም የፈሰሰበት፣ ሰው ቂሙን በጠመንጃ የተወጣበት ነበር፤ ስለዚህ በዚያች ቀበሌ የተደረገውን የሚያነሡ ሁሉ በመልካም ያነሡታል፤ አንድ ሰው እንኳ ሳይገደል ነገሩ በድምፅ አለቀ ይላሉ፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ቃለ ጉባኤው በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል፤ ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ፊርማዎቹም ይነበባሉ። «ሕዝቡ በነፃ ፈቃዱ ፈረደ» ይላል። ከፈረሙት ከሦስቱ አንዱም ይህን ቃል አላመነበትም፤ አምኖበት የሞተው የተፈረደበት ሰው ነው።